ወደ በሩ የዞሩ ጫማዎች

የእትዬ ዘነበችን ሞት የሰማሁት አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወለችልኝ ድሮ አብራኝ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት። «ሰማሽ? እትዬ ዘነበች ዐረፉ፤ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ቀብሩ» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማልቀስ ሲገባኝ ዓይኔ ወደ መሬት ወርዶ የተሰለፈውን ሰው ጫማ ያይ ጀመር። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠው እንደ ነጠላ ጫማ ይጎትቱታል። ከእሳቸው ፊት ያሉት እናት ያደረጉት ደግሞ ከእግራቸው ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል። «እማማ፣ ይሄ ጫማ ይጥልዎታል» ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ሰው ሳገኝ ከፊቱ በፊት እግሩን የማየት አመል ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

እትዬ ዘነበች የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ነርስ ሆኜ በገባሁበት፣ እዚሁ ጉለሌ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሕመምተኞች የሚበዙበትን ክፍል የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው። አጠር ያሉ፣ ደንዳና፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ ሸማኔዎች ናቸው፤ ባለቤታቸውም ሸማኔ ነው። እሳቸው ግን «እኔ ቁጭ ብሎ መሥራት አልችልበትም» ብለው ሆስፒታል ገቡ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። የትኛው ሕመምተኛ ሊወድቅ እንደሚችል ግን ከሁላችንም ቀድመው ያውቃሉ፤ እኛ ካርድ ስናገላብጥ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጫማ ያያሉ።

በየቀኑ ጠዋት ወለሉን ከመንካታቸው በፊት ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። ከአልጋው ሥር ያለውን ጫማ ያወጡና ጥንድ ጥንዱን አስተካክለው፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው ያስቀምጡታል።

«አዩት አባባ? ጫማዎ ወደ በር እያየ ነው። እርስዎም እዛ እዛውን ያስቡ» ይላሉ።

እኛ ወጣቶቹ ነርሶች እንስቅባቸው ነበር። «እትዬ ዘነበች ከጫማ ጋር ሰላምታ ላይ ናቸው፤ ቆይታችሁ ግቡ» እንባባላለን። ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉናል። አንዳንዴ ደግሞ ቀና ብለው የእኛንም እግር ገርመም ያደርጉና «ይሄ ተረከዝ የሠርግ ነው የሥራ?» ይሉናል። ያኔ ሳቃችን ቀጥ ይላል።

ትልቁ ጦርነታቸው ከአስታማሚዎች ጋር ነበር። ሰው አልጋ ሲይዝ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያደርገው ልብስና ጫማውን በፌስታል አድርጎ ወደ ቤት መውሰድ ነው። እንዳይጠፋ ተብሎ ነው፤ ክፋት የለውም። በምትኩ ከግቢው በር ላይ ነጠላ ጫማ ይገዛለታል፤ ያውም እግሩ ቢያብጥስ ተብሎ ሰፋ ያለ። እትዬ ዘነበች ፌስታል ያንጠለጠለ አስታማሚ ካዩ መወልወያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«የአባቴ ልብስ ነው እትዬ።»

«ልብሱን ውሰድ፣ ጫማውን መልስ።»

«እንዳይጠፋ ብለን እኮ ነው።»

«ቢጠፋ እኔን ጠይቀኝ። ሰውዬው በምን ሊወጡ ነው? እዚሁ ልትተዋቸው ነው እንዴ?»

ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ጫማውን ሳይመልስ የሄደ አላየሁም። እግራቸው አብጦ ጫማው እንቢ ያላቸው አዛውንት ተረከዙን ረግጠው ሲጎትቱ ካዩ ደግሞ ይቆጣሉ። ከጋዋናቸው ኪስ የጥለት ቁራጭ ያወጣሉ፤ ባለቤታቸው ሸማ ሲሠራ የሚተርፈው ቀይና አረንጓዴ ብጣሽ ነው። ማሰሪያውን ያላሉና ጫማውን በዚያ ጥለት ቁርጭምጭሚት ላይ ያስሩታል። በክፍላችን ውስጥ እግራቸው ላይ ጥለት ያሰሩ ሽማግሌዎች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ላየ ሰው የሆነ በዓል ያለ ይመስለው ነበር።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ኮሪደሩን የሚያጥቡት ግማሽ ግማሹን ነው። በግራ በኩል ያለውን ያጥቡና እስኪደርቅ በቀኙ ሰው ይሄዳል፤ ሲደርቅ ወደ ቀኙ ይሻገራሉ። ሥራው እጥፍ ጊዜ ይወስድባቸዋል። «ምነው በአንዴ ቢጨርሱት?» ስላቸው «ሽንት የያዘው ሽማግሌ እስኪደርቅ ይጠብቀኛል?» አሉኝ።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። እኔ ንጽሕና ላይ ጣጣ የማበዛ ሰው ነኝ። እናቴ ቤት የሽንት ቤት ጫማ ለብቻው ነው፤ የራስህን በር ላይ አውልቀህ ያንን ታደርጋለህ፤ ስትወጣ ደግሞ ትቀይራለህ። በዚህ ነው ያደግኩት። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም በየጫማው ሽንት ቤት ገብቶ በዚያው ወደ አልጋው ሲመለስ ሳይ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ገዝቼ መጣሁና የሽንት ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኩት። ለማንም እንዳይጠብ ብዬ ትልቁን ቁጥር ነበር የመረጥኩት። ከእንግዲህ ሁሉም እዚህ አውልቆ ይህን እያደረገ ይግባ ብዬ አወጅኩ። ሕመምተኞቹም ደስ አላቸው፤ የብዙዎቹ ቤት ልማድ ነው።

እትዬ ዘነበች ያን ጫማ አንስተው ገለበጡት።

«የማን ልክ ነው?»

«የሁሉም ነው እትዬ፤ ለሁሉም እንዲሆን ብዬ ነው።»

«የሁሉም ልክ የሆነ እግር አይቼ አላውቅም» አሉና መልሰው አስቀመጡት። እኔም «ደግሞ ጀመራቸው» ብዬ አለፍኩ። ወር ባልሞላ ጊዜ የጫማው ሥር ልሙጥ ሆነ፤ ይህን ያየሁት ግን ኋላ ነው።

በዚያ ሰሞን አባባ ቱፋ የሚባሉ ሕመምተኛ ነበሩን። ቤታቸው ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የእንጨት መሰንጠቂያ ዘበኛ ሆነው የሠሩ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው። የገቡት ሳንባቸውን ታመው ነው። ድነው መቀመጥ ሲጀምሩ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው እንጦጦ ማርያምን ይሳለማሉ። ልጃቸው በታክሲ ልውሰድዎት ሲላቸው እንቢ ይላሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ አላቋረጡም፤ ሁለት ወር ያለፋቸው በዚህ በሽታ ነው። «ለመጪው ሃያ አንድ አደርሳለሁ» ይላሉ። ከአልጋቸው ሥር አፍንጫው ወደ በሩ የዞረ አሮጌ ሸራ ጫማ አለ። እትዬ ዘነበች ናቸው ከልጃቸው ፌስታል ያስመለሱት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ዶክተሮቹ ለራውንድ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ሕመምተኞቹን ሊያዩ፣ ሊገቡ ስለሆነ እኔ እንደ ልማዴ ተወጥሬአለሁ። አባባ ቱፋ ሸራ ጫማቸውን አስረው፣ ቀስ እያሉ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ የእርስዎን እዚህ አውልቀው ያንን ያድርጉ።»

«ይሄ ይሻለኛል ልጄ። ታስሯል።»

«ዶክተሮቹ ሊገቡ ነው፣ አሁን ነው የተጸዳው፤ ይተባበሩኝ በሞቴ።»

እምቢ አላሉም። ማጎንበስ ሲያቅታቸው ሳይ እኔው ቁጢጥ አልኩና የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታሁላቸው። እትዬ ዘነበች ከኮሪደሩ ጫፍ «ሲስተር!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። እጄን አውለብልቤ «እመጣለሁ» አልኩ። የኮሪደሩ ግራ እርጥብ ነበር፤ ቀኙ ደረቅ።

ሲገቡ ምንም አልሆኑም። ሲወጡ ሰማያዊው ጫማ ከእግራቸው አምልጦ ወደ ፊት ሄደ፤ እሳቸው ወደ ኋላ ሄዱ። የወደቁት በቀኝ፣ በደረቁ በኩል ነው።

የእጃቸው አንጓ ተሰነጠቀ። ዳሌያቸው በለዘ እንጂ አልተሰበረም፤ ዶክተሩ «በተአምር ነው የተረፉት» አለ። ሰው ሲወድቅ የሚሞላ ቅጽ አለን። «የመውደቁ ምክንያት» የሚል መስመር አለው። «ወለሉ እርጥብ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ግማሹስ እርጥብ ነበር አይደል የሚል ነው። እስካሁን ያችን መስመር ሳስታውሳት ፊቴ ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ተጠራን። ኃላፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ አስተባባሪ፣ እትዬ ዘነበችና እኔ ነን። አስተባባሪው ቅጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ወለሉን ያጠቡት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«እኔ ነኝ። ያጠብኩት ግራውን ነው። ሰውዬው የወደቁት በቀኝ ነው።»

«ማን አየ?»

እትዬ ዘነበች ከጋዋናቸው ሥር ያንን ሰማያዊ ጫማ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እሳቸውን የጣላቸው ይሄ ነው። ሥሩን እዩት» አሉ። ኃላፊዋ ጫማ ከጠረጴዛ ላይ እንዲነሳላት ጠየቀች እንጂ ሥሩን አላየችም። «እሺ፣ ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው ማን ነው?» አለ አስተባባሪው።

እትዬ ዘነበች ዞር ብለው አዩኝ፤ ፊቴን ሳይሆን እግሬን። እኔ ምንም አላልኩም። እሳቸውም ምንም አላሉም። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቤትዎ ይቆዩ ተባሉና ጫማውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የከፉ ነበሩ። የእትዬ ዘነበች ነገር ሳያንሰኝ አባባ ቱፋ አልነሳም አሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ «እግርዎ ደህና ነው፤ ቆመው ካልሄዱ ሳንባዎ ተመልሶ ይታመማል» ቢላቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ልጃቸው ለመናቸው፤ ዶክተሩ ተቆጣቸው። እሳቸው የሚሉት አንድ ነው። «እግሬ ከዳኝ። በደረቅ መሬት የጣለኝን እግር ሁለተኛ አላምነውም። ማርያምንም ከዚሁ ሆኜ እሳለማታለሁ።» የሸራ ጫማቸውን ልጃቸው ወደ ቤት ይዞት ሄዶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያስመልሰው ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ሽሮ ሜዳ ወሰደኝ። እትዬ ዘነበችን ቤታቸው በራፍ ላይ ማግ እያጠነጠኑ አገኘኋቸው። ከጓዳ የባለቤታቸው የሸማ ዕቃ ድምፅ ይሰማል። ቀና ሳይሉ «መጣሽ?» አሉኝ፤ በጫማዬ አውቀውኛል። አጠገባቸው ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ነገ ለኃላፊዋ እናገራለሁ እትዬ። እኔ ነኝ ያልኳቸው። ማሰሪያቸውን የፈታሁትም እኔ ነኝ።»

«አይቻለሁ። ለእሷም ትነግሪያለሽ። መጀመሪያ ግን ለሰውዬው ንገሪ።»

«ለአባባ ቱፋ? እሳቸውማ መውደቃቸውን ያውቃሉ።»

«በምን እንደወደቁ አያውቁም፤ የጫማውን ሥር አላዩም» አሉና ሥራቸውን አቆሙ። «ተኝተው እግራቸውን እየከሰሱ ነው አሉ። አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ጥፋቱ የእግራቸው ይሆናል። ሰው እግሩን ካላመነ በምን ይነሳል? እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፤ እሳቸው ግን ሌላ እግር ከየት ያመጣሉ?»

እውነቱን ለመናገር ይህ በፍጹም አልታየኝም ነበር። አራት ቀን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ራሴና ስለ እሳቸው እንጀራ ነው። አንዲት የጻፍኳት መስመርና ዝምታዬ ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀሩ እንደሚችሉ አላሰብኩም።

ልሄድ ስነሳ ያስጨነቀኝን ጠየቅኳቸው። «ያን ቀን ለምን ስሜን አልጠሩም?»

«እግርሽን አየሁታ» አሉ። «ይንቀጠቀጥ ነበር። እግሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይያዛል እንጂ ይገፋል እንዴ?»

ከዚያ ገብተው ያን ሰማያዊ ጫማ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በማግስቱ ጠዋት ለአባባ ቱፋ ልጅ ደውዬ ሸራ ጫማውን አስመጣሁ። ሁለቱንም ይዤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው አልዞሩም። ለጀርባቸው ነገርኳቸው፤ ጫማውን የገዛሁት እኔ መሆኔን፣ ሥሩ አልቆ ልሙጥ ሆኖ እንደነበር፣ የእርስዎን ያውልቁ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ወለሉ እርጥብ ነበር ብዬ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን። ስጨርስ ቀስ ብለው ዞሩ። ሰማያዊውን ጫማ በደህናው እጃቸው ተቀብለው ሥሩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«እግሬ አይደለም ታዲያ?»

«አይደለም አባባ። እኔ ነኝ።»

«አምስት ቀን ሙሉ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየን። «አምስት ቀን ሙሉ እግሬን ስረግመው! ሰባ ዓመት የተሸከመኝን እግር!» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም ይበሉኝ ብዬ አልጠበቅኩም። ጫማውን ወለሉ ላይ ወረወሩትና «የእኔን አምጪ» አሉ።

ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው። ማሰሪያውን ስቋጥር «ጠበቅ አድርጊው፤ አንቺው ነሽ የፈታሽው» አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። «ያ ዋቃዮ!» ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠርተው ብድግ አሉ። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልታጠፈም። ያን ቀን እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ። ከመስኮቱ እንጦጦ ይታያል፤ ትንሽ ቆመው አዩት።

ከዚያ ኃላፊዋ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። እትዬ ዘነበች በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ሰላም ሳይሉን በቀጥታ ወደ አልጋዎቹ ሄደው ጎንበስ አሉና የተዘበራረቀውን ጫማ ሁሉ ወደ በሩ አዞሩት። አባባ ቱፋ ሲወጡ ለማስታወሻ ብለው በጫማቸው ላይ ቀይ ጥለት አሰሩላቸው። ሃያ አንድ አልፎ ነበር፤ «ለሚቀጥለው ይደርሳሉ» አሏቸው። እኔን ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሱብኝም። ጡረታ እስኪወጡ አብረን ስንሠራ ጫማ የማዞሩን ሥራ ሳላውቀው ተካፈልኳቸው፤ ግራውን ረድፍ እሳቸው፣ ቀኙን እኔ።

ትናንት ቀብሩ ላይ ተገኝቼ ከሰው ጋር ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ነገረችኝ። «አልጋ ላይ ሆና እንኳ መቆጣት አልተወችም። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ ጫማዋን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጬው፣ ‹እኔ የትም አልሄድኩም፤ መልሺው› ብላ ጮኸችብኝ» አለችና እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ሳለ በድንኳኑ በር አንድ ሸራ ጫማ ገባ። ማሰሪያው ጠብቆ ታስሯል፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለሙ የለቀቀ የጥለት ብጣሽ አለ። ቀና ስል አባባ ቱፋ ናቸው። ጎብጠዋል፤ ዱላ ይዘዋል። ለቤተሰቡ እግዜር ያጥናችሁ ብለው፣ ሰው ቦታ ሲለቅላቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ አላወቁኝም መሰለኝ፤ ቆየት ብለው ወደ እግሬ አዩና «ሲስተር ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ አባባ። በምን መጡ?»

«በእግሬ ነዋ» አሉ፤ ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል።

ከድንኳኑ አብረን ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ዳገት ነው። ሳላስበው ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ጥቂት እንደተራመድን ቆሙ።

«ልቀቂኝ ልጄ» አሉኝ። «ጫማዬን አስሬአለሁ።»

ለቀቅኳቸው።